ከነጥብ ወዲያ ስምንት አኃዝ

የባንክ ጸሐፊ ስለ ወንዝ ልኬት ምን አገባው የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ ስቆጥርና ስመዘግብ የምውል፣ ማታ ማታ ደግሞ ግጥም ቢጤ የምሞነጫጭር ሰው ነኝ። ነገር ግን ወንዙ ራሱ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ። እንዴት ቢሉ፣ በብድር መያዣ ፋይል ውስጥ ተጣጥፎ።

ቤቱን አስይዞ የሚበደር ሰው የይዞታ ማረጋገጫ ካርታውን ያቀርባል። በካርታው ላይ የቦታው ማዕዘኖች በቁጥር ይሰፍራሉ፤ ከነጥብ በኋላ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት አኃዝ አላቸው። ሦስተኛው አኃዝ ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ቀጥሎ አዋሳኞቹ ይዘረዘራሉ፤ በሰሜን መንገድ፣ በምዕራብ እገሌ፣ በደቡብ እገሊት፣ በምሥራቅ ወንዝ። እገሌና እገሊት አጥር አላቸው፤ አጥር ይለካል። ወንዝ ግን እስከ ሚሊ ሜትር ድረስ የሚወሰን ጎረቤት የሚሆነው እንዴት ነው? በየትኛው ወር? በየትኛው ሌሊት?

ጥያቄውን ይዤ የሄድኩት ታናሽ ወንድሜ ዘንድ ነው። እሱ በሙያው ድራፍትስማን ነው። ቀያሾች ከመስክ የሚያመጡትን ቁጥር ተቀብሎ በአውቶካድ የወንዝ ፕላን፣ የድልድይና የጎርፍ መውረጃ ቦይ ንድፍ ይሠራል። «ወንድም ጋሼ፣ ና ላሳይህ» አለኝና ከኮምፒዩተሩ ፊት አስቀመጠኝ።

በስክሪኑ ላይ ወንዛችን ነበር። የሰፈራችን ሰው በኦሮምኛ «ለጋ» ብቻ ይለዋል፤ ወንዝ ማለት ነው፤ ሌላ ስም እንዳለው ብዙዎቻችን ትዝ አይለንም። በስክሪኑ ላይ ግን ሰማያዊ፣ ቀጭን፣ ንጹሕ መሥመር ሆኗል። ቆሻሻ የለበትም፤ ልብስ አጣቢ የለበትም፤ ፍየል የለበትም። ወንድሜ ከመሥመሩ ላይ አንዲት ነጥብ ሲነካ ቁጥሯ ወጣ፤ ከነጥብ በኋላ አራት አኃዝ። ከአንዱ ማስተካከያ ገብቶ አንድ ነገር ለወጠና እንደገና ነካት፤ ስምንት አኃዝ። በሜትር ቢታሰብ ስምንተኛው አኃዝ ከፀጉር ውፍረት በብዙ ሺህ እጥፍ ያነሰ ነው።

«ይህን ማን ለካው?» አልኩት።

«ማንም» አለኝ እየሳቀ።

ለእኔ ለባንክ ሰው ይህ መልስ ያስደነግጣል። እኛ ዘንድ በቀን መዝጊያ ሒሳብ ላይ አምስት ሳንቲም ብትጎድል ሰው ወደ ቤቱ አይሄድም። ቫውቸር በቫውቸር ይገለበጣል፤ ዓይን ይቀላል፤ አለቃ ይቆጣል። ትንሽ ገንዘብ ስለሆነች አትታለፍም። ምክንያቱም አምስቷ ሳንቲም የሆነ ቦታ አለች። ገንዘብ የሚቆጠር ነገር ነውና ትክክለኛው ቁጥር አንድ ነው፤ እስኪገኝ ድረስ ይፈለጋል፤ ሲገኝም ነገሩ ያልቃል። ውኃ ግን አይቆጠርም፤ ይለካል። የሚለካ ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ከቁጥሩ ግራና ቀኝ ትንሽ ይተርፋል። ያ ትራፊ ምን ያህል እንደሆነ ያልተጻፈበት ልኬት ግማሽ ልኬት ነው። በስክሪኑ ላይ ያለው ስምንት አኃዝ ግን የተቆጠረ ይመስላል። የእኛን ሳንቲም መስሎ ይቀመጣል።

ወንድሜ እንዳስረዳኝ ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም። አውቶካድ እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ የተሠራው ለማሽን ክፍል፣ ለሕንፃ፣ ለመንገድ ሁሉ ነው። አንድ ብሎን የሚነድፍ ሰው የሚሊ ሜትር ሽርፍራፊ ያስፈልገዋል። ፕሮግራሙ የተሰጠውን ቁጥር እስከ 15 አኃዝ ድረስ በታማኝነት ይይዛል፤ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ግን አይጠይቅም። ቀያሹ ጠዋት በጥንቃቄ ያነበበውን፣ ከቀትር በኋላ በደከመ ዓይን ያነበበውን፣ ጭራሽ በግምት የሞላውን፣ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ፊደል፣ በአንድ ዓይነት ግርማ ይጽፈዋል።

የወረቀቱ ዘመን በዚህ ረገድ የተሻለ ሐቀኛ ነበር እላለሁ። በ1 ለ 2,000 ስኬል በተነሣ ፕላን ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላት የእርሳስ መሥመር በመሬት ላይ አንድ ሜትር ትሸፍናለች። ስለዚህ የወንዙ ዳር እዚህ ነው ብሎ መሥመር የሳለ ሰው፣ ወደደም ጠላም፣ «አንድ ሜትር ወዲህ ወይም ወዲያ» ብሎ መናገሩ ነበር። እርሳሷ ራሷ ትናዘዛለች። የስክሪን መሥመር ግን ውፍረት የለውም። ብታቀርበው፣ ብታቀርበው፣ ያው ፀጉር ነው።

እንግዲህ ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ ተመልከቱ። ቀያሹ መሣሪያውን ከዳር ይተክላል። ረዳቱ ሱሪውን ሰብስቦ ባለ ምልክቱን ዘንግ ይዞ ውኃ ውስጥ ይገባል። ዘንጉ አንዴ ድንጋይ ላይ ይቆማል፤ አንዴ ጭቃ ውስጥ አንድ ስንዝር ይሰምጣል። የወንዙ ወለል የትኛው ነው? የጭቃው ላዩ ወይስ ታቹ? ረዳቱ ይህን ሲያሰላስል ውኃው ይገፋዋል፤ ቀያሹ ከዳር «ቀጥ አድርገህ ያዝ!» ብሎ ይጮኻል። ከዚያ ሃምሳ ወይም መቶ ሜትር ወርደው ይደግሙታል። በሁለቱ መካከል ያለውን ማንም አልለካውም፤ ፕሮግራሙ ነው ከነጥብ ወደ ነጥብ መሥመር ጎትቶ የሚሞላው። መካከሉ ላይ ገደል ይኑር፣ ዋርካ ይኑር፣ ሰዎች አሸዋ ያወጡበት ጉድጓድ ይኑር አያውቅም። ወንድሜ አንዳንድ ጊዜ መሥመሩ እንዲያምር ይለዘባል ብሎኛል፤ ማለዘብ ማለት ማንም ያልረገጠውን ቦታ ማሳመር ነው።

በዚያ ላይ ወንዙ አይጠብቅም። የቆቃ ግድብ ከተሠራ ከ1952 ዓ.ም. ወዲህ አዋሽ ከላይ ያመጣው ደለል የሐይቁን ሆድ እየሞላ መያዝ የሚችለውን ውኃ ቀንሶታል። ታላቁ ወንዝ እንዲህ ከሆነ የእኛ ትንሽ ለጋ በአንድ ክረምት ምን እንደምትሠራ መገመት አያዳግትም። በግንቦት የተለካ ወለል በመስከረም የለም።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ይህ እንኳ ከጭቃም የባሰ ነው። የአገራችን ካርታዎች ለብዙ ዘመን የተመሠረቱበት የልኬት መነሻ «አዲንዳን» ይባላል። አዲንዳን በሱዳንና በግብፅ ድንበር አካባቢ ያለች የቅየሳ ነጥብ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1961 በዓባይ ተፋሰስ ላይ በተደረገው ታላቅ ቅየሳ የእሷ ሥርዐት ወደ እኛ አገር ገባ። ጂፒኤስ ደግሞ የራሱ ሌላ መነሻ አለው። የአንዲት ነጥብ ቁጥር በሁለቱ ሥርዐቶች ሲጻፍ በእኛ አካባቢ ከ200 ሜትር በላይ ይራራቃል። እናም አንዱ ቀያሽ በአዲንዳን፣ ሌላው በጂፒኤሱ የጻፈውን አንድ ሥዕል ላይ ቢደራርቡት፣ ወንዙ ከድልድዩ ሥር ይሸሻል። ሁለቱም ቁጥሮች እስከ ሚሊ ሜትር ድረስ የተጻፉ ናቸው! ሁለቱም በየራሳቸው ቤት ትክክል ናቸው።

ሁለቱ ቢስማሙም እንኳ ጣጣው አያልቅም። ምድር ክብ ናት፤ ስክሪን ጠፍጣፋ ነው። ሻሸመኔ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ በሜትር ገመድ አንድ ኪሎ ሜትር ብለን የለካነው መንገድ፣ በካርታው መረብ ላይ ሲያርፍ ወደ 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ያጥራል። ማንም አልሰረቀውም፤ የሥርዐቱ ጠባይ ነው። እኛ ቤት ቢሆን ኖሮ 70 ሳንቲም የት ሄደች ተብሎ ሌሊቱ ይነጋ ነበር።

የወንዝን ርዝመት ጉዳይማ አታንሡብኝ። ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን የተባለ እንግሊዛዊ የአገሮችን ድንበር ርዝመት ሲያመሳክር የስፔንና የፖርቱጋል የጋራ ድንበር በአንዱ ጽሑፍ 987፣ በሌላው 1,214 ኪሎ ሜትር ሆኖ አገኘው። ውሸታም አልነበረም መካከላቸው። መለኪያው ባጠረ ቁጥር የሚገባበት ጥምዝ ይበዛል፤ ርዝመቱም ይጨምራል። አዋሽ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ስንልም በየትኛው ገመድ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ትክክል ነው። ከግንጪ አካባቢ ተነሥቶ፣ ባሕር ሳያይ አቤ ሐይቅ ውስጥ የሚቀረው ያ ወንዝ፣ ጥምዝምዙ ሁሉ ቢቆጠር ስንት እንደሚሆን እንጃ። እኔ በበኩሌ ከጥቂት ጊዜ በፊት ይህችን ጽፌያለሁ፤

ብሩን ቆጣጠርኩት፣ መዝገቤንም ዘጋሁ፤
ወንዙን ልቆጥር ብዬ፣ ደጁ ላይ አነጋሁ።
ትናንት ዳር ያልኩትን፣ መኻል ላይ አገኘሁ፤
ልክ ቢጠፋብኝ ነው፣ ግጥም የተቀኘሁ።

ወንድሜ ግጥሟን አንብቦ «ጥሩ ናት፤ ግን ቁምነገሩ ወደ ጎን አይደለም፤ ወደ ላይ ነው» አለኝ። በጎን አንድ ሜትር ብትሳሳት ለጎርፍ ብዙም ለውጥ የለውም። በከፍታ አንድ ስንዝር ብትሳሳት ግን ሰፈር ይሰጥማል። አስቡት፤ የወንዙ ዳርቻ በየመቶ ሜትሩ አንድ ሜትር ብቻ የሚነሣ ለስላሳ ተዳፋት ቢሆን፣ የጎርፉ ከፍታ በ10 ሳንቲ ሜትር ሲዛባ የውኃው ጠርዝ 10 ሜትር ይዘዋወራል። አሥር ሜትር እንግዲህ ምን ማለት ነው? አንድ ጓሮ፣ አንድ ኩሽና፣ አንድ መኝታ ቤት።

የስምጥ ሸለቆ ሰው ይህን ለማመን መጽሐፍ አያስፈልገውም። ወደ ላይ ወደ አቢጃታ የሄደ ሰው ሐይቁ ምን ያህል እንደሸሸ፣ የጥንቱ ዳር አሁን ካለው ውኃ በኪሎ ሜትር እንደራቀ ያያል፤ ጥልቀቱ ጥቂት፣ ዳርቻው ሜዳ ስለሆነ ትንሿ መውረድ ብዙ ምድር ታጋልጣለች። መተሐራ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ሆነ። በሰቃ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አካባቢ ወደ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር፤ በኋላ ከ40 በላይ ሆኖ አውራ ጎዳናውንና የባቡር ሐዲዱን ደረሰባቸው። የሐይቁ ዳር ተብሎ በፕላን ላይ ተሥሎ የነበረው መሥመር ዛሬ ከውኃ በታች ነው። ድሬዳዋስ? ደቻቱ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሄድበታል፤ ገበያ ይቆምበታል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ከደጋው የወረደው ጎርፍ በሌሊት ደርሶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። ወንዙ በቀን አሸዋ በነበረበት ሰዓት «የወንዙ ዳር የት ነው?» ብሎ የጠየቀ ቀያሽ ምን ይመልሱለት ነበር?

የጥንት ሰዎች ይህን በቦታ ስም መልሰውታል። በኦሮምኛ «መልካ» ማለት ወንዝ የሚሻገሩበት ስፍራ ነው። መልካ ኦዳ፣ መልካ ሰዲ፣ መልካ ወረር… ስሙ ራሱ ልኬት ነው፤ እዚህ ጋ ሰው ይሻገራል ይላል። በአማርኛም ውኃን የምንለካው በአካል ነው፤ እስከ ቁርጭምጭሚት፣ እስከ ጉልበት፣ እስከ ወገብ። ሚሊ ሜትር የለውም፤ ስሕተቱ ግን ከነልኩ ተነግሯል፤ ጉልበት የሚለው ሰው የአንድ ስንዝር ልዩነት እንዳለ ያውቃልና።

የውኃውን ብዛትና ከፍታ የሚያሰላው ቀመር ደግሞ የማን እንደሆነ ስሰማ ደስ ብሎኛል። የአየርላንዱ ሮበርት ማኒንግ ነው። ማኒንግ እንደ እኔ የሒሳብ መዝገብ ሰው ነበር ይባላል፤ መደበኛ የምህንድስና ትምህርት አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1846 በአገሩ የሕዝብ ሥራዎች መሥሪያ ቤት ገብቶ መጀመሪያ በድራፍትስማንነት ሠራ፤ ቀመሩን ለማኅበሩ ያቀረበው በ1889፣ በሰባ ሦስት ዓመቱ ነው። (እኔና ወንድሜ ተደምረን አንድ ማኒንግ እንወጣለን።) ዛሬም የዓለም መሐንዲሶች ይጠቀሙበታል። በቀመሩ ውስጥ የወንዙን ሸካራነት የሚወክል አንድ ቁጥር አለ። ንጹሕና ቀጥ ያለ ወንዝ ሲሆን 0.030 ይባላል፤ ሣር የበዛበት፣ ኩሬ ኩሬ የሠራ፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ ሲሆን 0.070። ይህን ቁጥር የሚመርጠው መሐንዲሱ ነው፤ ቆሞ፣ አይቶ፣ ከሠንጠረዥና ከፎቶግራፍ ጋር አመሳክሮ። በዓይን! ከሁለቱ አንዱን ወይም ሌላውን መምረጥ የውኃውን ፍጥነት ከእጥፍ በላይ ይለያየዋል። ጥልቀቱንም ብንወስድ፣ ሁለት ሜትር ጥልቀት ባለው ሰፊ ወንዝ ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ብንሳሳት የሚያልፈው የውኃ መጠን በ17 ከመቶ ያህል ይዛባል። ከዚያ ሁሉ ግምት የሚወጣው መልስ ነው እንግዲህ በስክሪኑ ላይ ስምንት አኃዝ ለብሶ የሚቀመጠው።

ወንድሜ ባለፈው ዓመት የሰፈራችንን ወንዝ የጎርፍ ወሰን ሲነድፍ፣ ከፍታዎቹን ሁሉ ወደ ቅርቡ አሥር ሳንቲ ሜትር አጠጋግቶ፣ ወሰኑንም በአንድ ቀጭን መሥመር ፋንታ በሁለት መሥመሮች መካከል እንደተቀባ ጥላ አድርጎ ሠራው። ሥራውን ያዘዘው ወገን ፕላኑን መለሰበት። «አልተሟላም፤ ቁጥሮቹ ከነጥብ በኋላ ሦስት አኃዝ ይኑራቸው፤ መሥመሩም አንድ ይሁን» የሚል ማስታወሻ ተለጥፎበት ነበር። በዚያ ሌሊት ብዙ ተከራከርን። እኔ ወንድሜ በመሆኑ ሳይሆን ሙያዬ ቁጥር በመሆኑ ከእሱ ወገን ቆምኩ። በእኛ መዝገብ ላይ ማንም ያልቆጠረውን ሳንቲም የጻፈ ሰው ይጠየቅበታል፤ በፕላን ላይ ማንም ያልለካውን ሚሊ ሜትር የሚጽፍ ሰው ለምን ይመሰገናል?

ያዘዘው ወገን ግን ደግ ምክንያት አላጣም፤ ይህንንም መናገር ይገባል። አንድ ሰው ቤት መሥራት ይፈቀድለታል ወይስ አይፈቀድለትም የሚል ጸሐፊ ጥላ ይዞ መወሰን አይችልም። መሥመር ይፈልጋል። እኔም በብድር ክፍል ተቀምጬ «ይህ ቤት ለጎርፍ ተጋልጧል?» ተብዬ ብጠየቅ «በከፊል፣ ምናልባት» ብዬ መልስ ብሰጥ አለቃዬ አይቀበለኝም። እንግዲያው መሥመሩ ይሠመር፤ ግን ውፍረቱ ከጎኑ ይጻፍ። ወንድሜ በመጨረሻ ያደረገው ይህንኑ ነው። አንዱን መሥመር አሠመረ፤ ከሥሩ «የከፍታ ልኬቱ ± 10 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በዚህ ተዳፋት የጠርዙ ቦታ ± 10 ሜትር ነው» ብሎ ጻፈበት።

ይህን ከመጻፉ በፊት ግን አንድ የመጨረሻ ልኬት ቀርቶት ነበርና አብሬው ሄድኩ። ከወንዙ ዳር የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ጎረቤት አሉን፤ እማማ እንላቸዋለን። ሥሌቱን ለማመሳከር የድሮ ጎርፍ የት እንደደረሰ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ወንድሜ ጠየቃቸው።

«ሁለተኛዋ ልጄ በተዳረች ዓመት ነው። እስከዚህ» አሉና ምርጉ የረገፈበትን የግድግዳቸውን ጥግ አሳዩን። «ሦስተኛው ማገር። እኔ አልጋው ላይ ቆሜ አይቼዋለሁ።»

ወንድሜ ሌቭሉን ተክሎ ማገሩን አነበበ። ሦስተኛው ማገር ኮምፒዩተሩ ካሰላው የጎርፍ ከፍታ 40 ሳንቲ ሜትር በልጦ ተገኘ። አርባ! ቤቱ ሰምጦ፣ ግድግዳው አዘምሞ፣ ወይም ትዝታቸው ከፍ አድርጎት እንደሆነ ጠየቃቸው፤ በትሕትና ነው የጠየቀው።

«ልጄ፣ እኔ አዘምሜ ይሆናል» አሉት፤ «ማገሩ ግን አልተንቀሳቀሰም።»

ወንድሜ ቢሮው ተመልሶ የወንዙን ሸካራነት ቁጥር ከፍ አደረገው፤ የክረምቱን ሣርና ከድልድዩ ሥር የሚከማቸውን ቆሻሻ አስቦ። ሥሌቱ ወደ ማገሩ ተጠጋ፤ ሙሉ በሙሉ አልደረሰም፤ ጥቂት ሳንቲ ሜትሮች ቀሩት። እነዚያን አላባረራቸውም።

ፕላኑ ካለቀ በኋላ እማማ ወረቀቱን አስዘርግተው ከላዩ ጎንበስ አሉ። ማንበብ አይችሉም፤ ቤታቸውን ግን ወዲያው አገኙት።

«የኔ ቤት ከመሥመሩ ወዲህ ነው ወዲያ?»

«እማማ፣ መሥመሩ እዚህ ላይ የሃያ ሜትር ስፋት አለው። ቤትዎ በስፋቱ ውስጥ ነው።»

ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ ወደ ኮፈሌ በኩል፣ ከደጋው ላይ ወደተከመረው ደመና ተመለከቱ።

«እንግዲያውስ እህሉን ወደ ልጄ ቤት፣ ወደ ላይ ላውጣው» አሉ። «ጆንያ የሚሸከምልኝ ከሁለታችሁ ማነው?»